ካርታው በማን ስም ነው?

ስለ ሴቶች መብት ማንበብ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ መጻሕፍት ይነሳል። ሜሪ ዎልስቶንክራፍት እ.ኤ.አ. በ1792 እንግሊዝ ውስጥ ካሳተመችው፣ ሲሞን ደ ቦቯር በ1949 ፈረንሳይ ውስጥ ከጻፈችው ይጀምርና ወደ አፍሪካ ሴት ደራስያን ይሻገራል። ሁሉም ሊነበቡ ይገባል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን እኔ የማስቀድመው ሌላ ንባብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻ ክፍልና በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213ን፣ ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ። በመካከላቸው 40 ዓመት አለ። በእነዚያ 40 ዓመታት ሚስት መሆን ምን ማለት እንደነበረና ምን ወደ መሆን እንደተሸጋገረ ከእነዚህ ሁለት ጽሑፎች በበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ መጽሐፍ አላውቅም።

የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑን ይደነግጋል። ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ትእዛዙን እንድትፈጽም ግዴታ ይጥልባታል። ወደ ታች ሲወርዱ የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠው ባል ነው። የሚስቱን ግንኙነት የሚከታተል፣ በአኗኗሯም የሚመራት እሱ ነው። ከሚስቲቱ ደመወዝና ገቢ በቀር የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። አንቀጽ 581 ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ አድርጓል። ከሁሉም አንቀጽ 646 ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆም ይገባል። ባል ለሚስቱ የቤት ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት ይላል። ማጀቱ በሕግ የሚስት ሆኖ ነበር ማለት ነው። ከዚያ የምትወጣበት አንድ በር ቢኖር የባሏ ገንዘብ ነው፤ በእሷ ቦታ የምትገባውም ሌላ ሴት ናት።

«ይህ የሴት እኩልነት የሚባለው ከምዕራብ የመጣ ነው፤ ለባል መታዘዝ የኛ ባህል ነው» ለሚል ሰው የዚህን ሕግ ታሪክ መንገር ያስፈልጋል። ረቂቁን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነው፤ የኢትዮጵያ የሕግ ኮሚሽን መርምሮታል፣ ፓርላማውም ተቀብሎታል። «ባል ለሚስቱ ጥበቃ፣ ሚስት ለባልዋ መታዘዝ» የሚለው ሐሳብ በ1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ነበር። ፈረንሳዮች የመታዘዙን ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1938 ከሕጋቸው ሰርዘውታል። ባል የቤተሰብ አለቃ ነው የሚለውን ያነሱት በ1970 ነው። ያገባች ሴት የባሏን ፈቃድ ሳትጠይቅ ሥራ እንድትይዝና በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ እንድትከፍት የፈቀደላት ሕግ የወጣው ደግሞ በ1965፣ ማለትም ቦቯር መጽሐፏን ካሳተመች ከ16 ዓመት በኋላ ነው። እኛ አገር በ1952 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ የታወጀው መታዘዝ ፈረንሳይ ከሕጓ ካወጣችው ከ22 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በአንጻሩ በደጋው አገር ርስት ከእናትም ከአባትም ወገን ለወንድም ለሴትም ይወርድ ነበር። ስትፋታ ርስቷን ይዛ የምትሄድ ሴት እንግዳ አልነበረችም። በሰማንያ ጋብቻም «ሀብትሽ በሀብቴ» ብሎ መዋዋል ጥንትም የነበረ ነው። ያ ሥርዓት ለሴት ደልቷት ነበር ለማለት አይደለም። ጠለፋውም፣ ያለዕድሜ ጋብቻውም አብሮ ነበር። በንብረት ጉዳይ ግን «ባህላችን» የሚባለው ነገር ለእኩልነት ባዕድ አይደለም፤ ይህን ክርክር ለተቃዋሚ ለቆ መሄድ አያስፈልግም።

የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 34 ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። አንቀጽ 35 ደግሞ ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብታቸውን አጸና። የሆነ ሆኖ የ1952ቱ የጋብቻ ክፍል እስከ 1992 ድረስ በሥራ ላይ ቆየ። በዚያ መካከል ሕጉ እንዲለወጥ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያደረገው ውትወታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ ሊነሳ ይገባል። አዲሱ ሕግ የባልን አለቅነት አነሳ፣ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፣ ፍቺን ከቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች እጅ አውጥቶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ሽማግሌዎች እንዲያስታርቁ ዕድል ይሰጣቸዋል፤ ፍቺውን የሚወስነው ግን ዳኛ ነው። የማሰላሰያ ጊዜውም ከሦስት ወር አይበልጥም። ፍቺውን ማን ጠየቀ፣ ጥፋተኛውስ ማን ነው እየተባለ የንብረት ድርሻ የሚቀነስበት አሠራር ቀርቶ የጋራው ንብረት እኩል ይካፈላል።

የፌዴራሉ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው። አማራ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 አወጡ፤ ያላወጡት ዘንድ አሮጌው ሕግ መሥራቱን ቀጠለ። ይህ አለመመጣጠን ለተመራማሪዎች መልካም አጋጣሚ ፈጠረላቸው። ሁለት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ሕጉ ቀድሞ የተለወጠባቸውን አካባቢዎች ካልተለወጠባቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። ሕጉ በተለወጠባቸው ቦታዎች ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራ፣ የሙሉ ጊዜ በሆነና የተሻለ ክህሎት በሚጠይቅ ሥራ ላይ የመሰማራታቸው ዕድል ጨምሮ አገኙት። ሕግ ወረቀት ብቻ ነው ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

በእኔ እምነት አንባቢ ቀስ ብሎ፣ እርሳስ ይዞ ማንበብ ያለበት የ1992ቱን ሕግ የንብረት ክፍል ነው። ከአንቀጽ 57 እስከ 73 ያለው ጥቂት ገጽ ነው፤ ብዙ ሴቶች ቤታቸውን የሚያጡትም ሆነ የሚያተርፉት እዚያ ውስጥ ነው።

መነሻው ይህ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ በጋብቻ ውስጥም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንደኛው ብቻ የመጣ ንብረት የግል ነው። ከዚያ ውጭ ተጋቢዎቹ በጉልበታቸውና በሙያቸው የሚያገኙት ገቢ ሁሉ የጋራ ነው። አንቀጽ 62 ከዚህ አልፎ ከግል ንብረት የሚገኘውን ገቢም የጋራ ያደርገዋል። ከጋብቻ በፊት የነበራት ቤት የራሷ ነው፤ ኪራዩ ግን የሁለቱም ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ በተጋቢዎች እጅ ያለ ንብረት፣ በአንዳቸው ስም ብቻ የተመዘገበ እንኳ ቢሆን፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል ይላል። የግሌ ነው የሚል ወገን ያስረዳ። እዚህ ላይ ነው «ካርታው በማን ስም ነው?» የሚለው የዘመድ ወዳጅ ጥያቄ የተሳሳተ ጥያቄ የሚሆነው። ካርታው፣ ሊብሬው፣ የንግድ ፈቃዱ በባል ስም መሆኑ ሚስትን ባዶ እጇን አያስቀራትም። «ስሜ የለበትምና ምን ላድርግ» ብላ ሳትጠይቅ የወጣች ሴት ሕጉ የሰጣትን ትታ ነው የወጣችው።

አንቀጽ 58 ግን ወጥመድ አለበት፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም ውርስ ያገኘችን ሴት ነው። ከአባቷ 800,000 ብር ወረሰች እንበል። ገንዘቡ የግሏ ነው፤ ምንም ጥያቄ የለውም። በዚያ ገንዘብ ሱቅ ብትገዛ ግን ሱቁ የግሏ ሆኖ የሚቀጥለው ለፍርድ ቤት አመልክታ «በግል ገንዘቤ የተገዛ ነውና የግሌ ይባልልኝ» ብላ ውሳኔ ካገኘች ብቻ ነው። አለዚያ በጋብቻ ውስጥ በዋጋ የተገዛ ንብረት ነውና የጋራ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በኋላ በፍቺ ክርክር ላይ የውርሱን ወረቀት ይዞ መቅረብ የዘገየ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው በግዢው ሰሞን ይግባ። የወራሽነት ማረጋገጫው፣ ገንዘቡ ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚያሳየው የባንክ መግለጫ፣ የሽያጭ ውሉ፣ ሦስቱ ተያይዘው ይቅረቡ። ገንዘቡ በጋራ የቤት ወጪ ሒሳብ ውስጥ ከገባና ከደመወዝ ጋር ከተደባለቀ ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ማቆየት ነው።

የኮንዶሚኒየም ነገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በ20/80 ፕሮግራም ሳታገባ ተመዝግባ፣ ቅድሚያውን 20 በመቶ ሳታገባ ከፍላ፣ ቀሪውን 80 በመቶ የባንክ ዕዳ በጋብቻ ውስጥ እየከፈለች ያለች ሴት አለች። ዕዳው የሚከፈልበት ደመወዝ በአንቀጽ 62 የጋራ ገቢ ነው። ለወንዱም እንዲሁ ነው። ክርክሩ የሚነሳው ውሉ መቼ ተፈረመ፣ ምን ያህሉስ ከጋብቻ በፊት ተከፈለ በሚለው ላይ ስለሆነ ውሉንና ጋብቻው እስከተፈጸመበት ቀን ድረስ የተከፈለበትን ደረሰኝ መጠበቅ ለሁለቱም ይበጃል።

አንቀጽ 68 የሁለቱ ስምምነት የሚያስፈልግባቸውን ጉዳዮች ይዘረዝራል። የጋራ ቤትን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት፣ በመያዣ መስጠት፤ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፤ ከ100 ብር በላይ ስጦታ ማድረግ፤ ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር፣ ለሰው ዋስ መሆን። በ1992 ዓ.ም. 500 ብር ለብዙ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ነበር። ዛሬ ያንን መጠን ቃል በቃል የሚከተል ቤተሰብ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ውጤቱ ክፉ ነው። አንቀጹ ለቤትና ለመኪና ብቻ የወጣ መስሎ ታየ፤ ዋስትናና ብድር ተረሱ። ባል ለጓደኛው የባንክ ብድር ዋስ ሆኖ ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ሲገባ ሚስት አለመፈረሟ ትልቅ መከራከሪያ እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ምክር ቤቱ እነዚህን ቁጥሮች ማሻሻል አለበት።

ያለ ስምምነት የተደረገን ውል ለማፍረስ ጊዜው አጭር ነው። አንቀጽ 69 ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ ባታውቅም ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ይላል። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቤቱ መሸጡን የሰማች ሚስት መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ ትሄዳለች። ሽማግሌ «እስቲ ጾሙ ይለፍ»፣ «እስቲ ልጁ ይመረቅ» ይላታል። ስድስቱ ወር ያልቃል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን አይጠብቀው። ክስ ሲከፈትም ቤቱ ለሌላ እንዳይተላለፍ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት የእግድ ትእዛዝ አብሮ መጠየቅ፣ ትእዛዙም የቤቱን ካርታ ለያዘው መሥሪያ ቤት መድረሱን በእጅ ይዞ ማረጋገጥ ነው። እግዱ በመዝገብ ውስጥ ተኝቶ ቤቱ ከተሸጠ ቤቱን ማስመለስ እጅግ ይከብዳል።

ሽያጩ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው በሐሰት የተገኘ «ያላገባ» ማስረጃ ነው፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ሻጩ ያገባ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ሚስት ራሷ የፈረመችው ውክልና ነው። ጠቅላላ ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያስችላል፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ነገር ግን በተለምዶ የሚዘጋጀው የውክልና ጽሑፍ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣ ለመስጠት» የሚለውን ሁሉ ይዘረዝራል። ስሙ ጠቅላላ ቢሆንም ልዩ ሥልጣን ተሰጥቶበታል። ሳይነበብ አይፈረም። የሚፈለገው መብራትና ውኃ ለማስገባት ከሆነ ያንን ብቻ ይጻፍ። የተሰጠ ውክልና መሻር እንደሚቻልም፣ መሻሩም ውክልናው በተመዘገበበት ቦታ መድረስ እንዳለበት መታወቅ አለበት።

ሌላም አለ። ቤት ውስጥ፣ በጭቅጭቅ መሀል «ይህ ቤት የሱ ነው፣ እኔ ድርሻ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ የፈረመች ሚስት ሁሉ ነገር ያበቃ አይምሰላት። በአንቀጽ 73 መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ከጋብቻ በፊት የሚደረገው የጋብቻ ውል ግን የተለየ ነው። በጽሑፍ ሆኖ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች ከፈረሙበት ይጸናል። በሠርጉ ዋዜማ ጥድፊያ የሚቀርብ የጋብቻ ውል ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው። አንድ ወር ቀደም ብሎ ቅጂውን ጠይቆ ጠበቃ ማሳየት ነውር ሊሆን አይገባም።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ጋብቻው ከተረጋገጠ ነው። በሃይማኖትም ይሁን በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት ጋብቻ ነው፤ መመዝገብ ግን አለበት። የምስክር ወረቀት ከሌለ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸው፣ ዘመድና ጎረቤትም እንዲያ አድርጎ የሚያያቸው መሆኑ በምስክር ይረጋገጣል። ባል ከሞተ በኋላ ከወንድሞቹ ጋር ተከራክሮ ይህን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም መገመት አያዳግትም። ጋብቻ ሳይፈጽሙ አብረው ለሚኖሩም ሕጉ ቦታ አለው። አብሮ መኖሩ ሦስት ዓመት ከሞላው በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው።

ወደ ገጠር ስንሄድ መጽሐፉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በትግራይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰጠው የመጀመሪያው ደብተር በቤተሰቡ ራስ ስም ነበር፤ ራስ የሚባለውም በአብዛኛው ባል ነው። በአማራ ክልል የባልም የሚስትም ስም ገባ፣ የሁለቱም ፎቶ ተለጠፈ። ይህ የፎቶ ነገር ትንሽ አይደለም። ማንበብ የማትችል ሴት እንኳ ደብተሩን ስታየው ራሷን ታገኛለች፤ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛውም ሌላ ሴት አምጥቶ «ሚስቴ ናት» የሚለውን ሰው ለማመን ይቸገራል። ስለ ሴቶች መብት ከተሠሩ ሥራዎች መካከል የማደንቀውን እንድመርጥ ብጠየቅ ይህን እመርጣለሁ።

አሁን ሕጉ ወደማይደርስበት ልምጣ። አንቀጽ 63 ሚስትን ከባል ይጠብቃል፤ ልጅን ከአባቷ፣ እህትን ከወንድሟ አይጠብቅም። ቤይሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት እየሠራች ለዓመታት ገንዘብ የላከች ልጅ አለች። ቦታው በወንድሟ ስም ይገዛል፣ ቤቱ ይሠራል፣ ስትመለስ ቤቱ የወንድሟ ሆኖ ታገኘዋለች። በባልና ሚስት መካከል ቢሆን ኖሮ የጋራ ነው የሚል ግምት ይረዳት ነበር። እዚህ ግን ማስረጃው ሁሉ በእሷ ጫንቃ ላይ ነው። ገንዘቡ በሐዋላ በሰው እጅ ከተላከ ደግሞ ምንም ወረቀት የለም። መድኃኒቱ ካገር ሳይወጡ ወይም እዚያው ሆኖ በቆንስላ በኩል፣ ግዢው በእሷ ስም እንዲሆን ብቻ የሚያዝዝ ጠባብ ውክልና መስጠት፣ ገንዘቡንም በራሷ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ መላክ ነው። ወንድም ቢቀየም ይቀየም።

የወንጀል ሕጉም ተለውጧል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ጥሎ፣ ጋብቻ መፈጸሙ ከተጠያቂነት እንደማያድን አከለ። ሆኖም አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጪ» በሚሉ ቃላት ሚስትን ከጥበቃው አስወጥቷታል። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን የሚመታበት በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑ የቤተሰብ ሕጉ ንባብ ወደ ሴቶች ዕድርና ዕቁብ መግባት እንዳለበት ያሳያል።

የቤት ሥራን በተመለከተ የ1992ቱ ሕግ የሚስት ነው የሚለውን ትቷል፤ የማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። በእኩል ክፍፍሉ በኩል ግን ዋጋ ሰጥቶታል፤ ደመወዝ ያላመጣችው ሚስትም ግማሹን ትወስዳለችና። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ለተጋቢዎቹ ተትቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ 120 ቀን፣ ለአባት ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። ሦስት ቀን ለአራስ ጥየቃ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ወደ ቢሮ የተመለሰችው እናት ቦታውን የምታስይዘው እንደ ዱሮው ለሌላ ሴት ነው። ይህ አዋጅ ግን የቤት ሠራተኛዋን ከሽፋኑ አውጥቶ ጉዳይዋን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። ባልና ሚስቱ ከአሮጌው ሕግ ከወጡ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸውን የምታሳድግላቸው፣ እንጀራቸውን የምትጋግርላቸው ወጣት ግን መብቷን የምትፈልገው ዛሬም በ1952ቱ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ ባሉ ጥቂት መስመሮች ነው። የሥራ ሰዓቷ ስንት እንደሆነ እዚያ አልተጻፈም።